ጭራሮ እኔ ነኝ

ጥቅምት 3

ለታናሽ ወንድሜ፣

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ሰላምታ ለሚስትህ ብቻ ነው። ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘላትን እንቅስቃሴ እየሠራች ነው ወይስ እንደ እኔ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋ እያየችው ነው? ለአንተ የሚሆነውን ሰላምታ መልስህን አይቼ እልካለሁ።

"ምን አድርጌሽ ነው ስልክ የማታነሺው?" ብለህ መልእክት ላክህብኝ። ሦስቱንም ጊዜ ስትደውል ስልኩ ፊቴ ነበር። ድምፅህን ዝቅ ስታደርግ ልቤ ይራራል፤ ከልጅነትህ ጀምሮ የምታመልጠኝ በዚያ ድምፅ ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ድሮ የምሠራበት የፈተና ድርጅት ኮምፒዩተር ያስገባበትን አርባኛ ዓመት ሊያከብር ነው። መግቢያው አዳራሽ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ ይሰቅላሉ። የተማሪዎችን ስም በፊደል ተራ ደርድሮ ከውጤታቸው ጋር ያገናኘውን የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማን እንደጻፈው የሚናገር ሰሌዳ ነው። አርባ ጸሐፊዎች አራት ወር ይፈጅባቸው የነበረውን ሥራ በሦስት ቀን የጨረሰው ያ ፕሮግራም ነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጠረጴዛችን በእኔ ወረቀት ስለተሞላ አንድ ዓመት ሙሉ እራትህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ የበላኸው አንተ ነህ።

ሰሌዳው ላይ ሊቀረጽ የታሰበው ግን የያኔው መምሪያ ኃላፊ ስም ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቅን ልጅ ናት፤ መጋዘን ውስጥ የፕሮግራሙን የታተመ ቅጂ አግኝታ ጠራችኝ። የመጀመሪያው መስመር "ጸሐፊ፦ ጭራሮ" ይላል። እዚያ መሥሪያ ቤት ማንም በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። የበዓሉ ኮሚቴ ምን አለ መሰለህ? ቅጂው የታተመው "ጭራሮ" የምትባለዋ ልጅ ያለችበት የአንተ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ አንድ ቀልደኛ ከልጆች መጽሐፍ ወስዶ የጨመረው ስም ነው አሉ። ማስረጃ ብለው ያያያዙት ደግሞ የአንተን የጋዜጣ ቃለ ምልልስ ነው። "ስሙን ያገኘሁት ጎርፍ እየገፋ የሚወስደው ጭራሮ መንገድ ላይ አይቼ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላውቅም" ብለሃል።

እጄን በአፌ ጫንኩ። ይህን ተረትህን ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ልጆች ደስ ካላቸው እኔን ምን ቸገረኝ እያልኩ አልፈው ነበር። አሁን ግን ተረትህ ከገዛ ሥራዬ ላይ ነቀለኝ።

ተቃውሞ የሚቀበሉት እስከ ኅዳር 25 ነው። ከአንተ የምፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ብቻ ነው፦ ልጅቷን መጀመሪያ የሳልካት በምን ላይ ነበር?

እህትህ


ጥቅምት 14

ለምወድሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃውን መውጣት አሁንም እንደ ቀድሞው ነው? ሚስቴ ሰላምታሽን ሳነብላት ሳቀች፤ እሷም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ነው የለጠፈችው። እኛ ከጣሪያው በቀር ደህና ነን። የሥራ ክፍሌ ስለሚያፈስ ሦስት ባልዲ ደርድሬ በመካከላቸው እየተሹለከለክሁ ነው የምሥለው። መልሴ የዘገየውም በዚህ ነው፤ ይቅርታ።

በላክሽልኝ አጭር ካርድ ላይ "ያልከውን ነው የጻፉት ወይስ ጨምረውብህ ነው?" ብለሽ ጠይቀሻል። ያልኩትን ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

እትዬ፣ ሳስበው አንድ ቀላል መንገድ አለ። ለምን በመዝገብ ስምሽ አትጠይቂያቸውም? የቅጥር ደብዳቤሽ ፋይል ውስጥ አለ፤ በዚያ ስም ቢጽፉልሽ አንቺም ሰሌዳሽን ታገኛለሽ፣ እኔም አልነካካም። አሳታሚው በጥር ወር የመጽሐፉን አዲስ እትም ሊያወጣ ነው። መቅድሙ ከዳር እስከ ዳር ስለዚያ ጎርፍ ነው፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ለማተሚያ ቤትም ተልኳል። አሁን ሌላ ነገር ብናገር በምን ዓይን እንደሚያዩኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ሁልጊዜ ትልቋ ነሽ፤ ይህንንም በትልቅነትሽ እለፊው።

ሌላውን ጥያቄሽን በሚቀጥለው ደብዳቤ እመልሳለሁ። ዝናቡ ያለወቅቱ ጠንክሯል፤ ባልዲዎቹን ልገልብጥ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 22

ለወንድሜ፣

በሚስትህ ስልክ "ተቆጣች እንዴ?" ብለህ አስጠየቅከኝ። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። አንጀቴ በግኗል። አሁን ይህን ካወቅህ፣ ስለ መዝገብ ስሜ ልመልስልህ።

በመዝገብ ስሜ ፋይል ውስጥ ሁለት ወረቀት ብቻ አለ። አንዱ የኮምፒዩተር "ካርድ በሺ" ሆኜ የተቀጠርኩበት ነው፤ ሌላው የተሰናበትኩበት። በሁለቱ መካከል አራት ዓመት አለ፤ በአራቱ ዓመት ውስጥ ፕሮግራም አለ፤ ለፕሮግራሙ ግን በዚያ ስም አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም። ስለዚህ በመዝገብ ስሜ ብጠይቅ "እውነት ነው፣ ካርድ ትበሳ ነበር" ብለው በእርሳስ ምልክት አድርገውብኝ ይሸኙኛል።

ጭራሮ ያሉኝ የማሽን ክፍሉ ወንዶች ናቸው። በገባሁበት ቀን "ይህችን ጭራሮ ማሽኑ እንዳይውጣት" ብለው ሳቁ። ሊሰድቡኝ ነበር። እኔ ግን የወረወሩብኝን አንስቼ የራሴ አደረግኩት፤ በየሥራዬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ያኔ ፕሮግራም በወፍራም ካርድ ላይ እየተበሳ ነበር የሚሠራው፤ አንዱ ካርድ አንድ መስመር ነው። የእኔው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ነበር። ከእጅህ ወድቆ ከተዘበራረቀ የወር ሥራህ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በተራቸው ደራርቤ፣ በሁለት ጣውላ መካከል አጥብቄ፣ ጎናቸው ላይ በቀለም ጭራሮ ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በእያንዳንዱ ካርድ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ትቀራለች። አንዱ ካርድ ቦታውን ከሳተ ፊደሉ ይሰበርና ወዲያው ታየዋለህ። ሌሎቹ ሰያፍ መስመር ነበር የሚያሠምሩት። እኔ ስሜን ጻፍኩ።

ለምን እንደተባረርኩ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ውጤት ቀይሪ አለኝ ኃላፊው። አልቀይርም አልኩት። የትልቁ ሰው ልጅ ከፍ ሲል ከዝርዝሩ የሚወጣው ልጅ ማን እንደሆነ በስሙ አውቀው ነበር፤ ስሞቹን የደረደርኳቸው እኔ ነኛ። በሳምንቱ ተሰናበትኩ። ከዚያ በኋላ በወጡት ሰነዶች ሁሉ ላይ የእሱ ስም ገባ፤ ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ግን ስሜን ማውጣት ማንም አላሰበም።

አሁን አንተ ደግሞ ያንን የስንብት ደብዳቤ ይዤ ሰሌዳ እንድለምን ትመክረኛለህ። አልለምንም። ጭራሮ ብለው ካልጻፉ ምንም አይጻፉ፤ የኃላፊውን ስም ከጻፉ ግን ሰሌዳው ሥር ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ እናገራለሁ። ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።

"ሌላውን ጥያቄሽን በሚቀጥለው" አልከኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፕሮግራሙን አሻሽዬ በአዲስ ካርድ ከጻፍኩ በኋላ አሮጌዎቹን ለማን እንደሰጠሁ አልረሳሁም። የመሣያ ወረቀት አጥተህ የጋዜጣ ዳር ላይ ትስል ነበር።

እህትህ


ኅዳር 1

ለእትዬ፣

ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሽው ካርድ "ፈርተህ ነበር ወይስ ንቀኸኝ ነው?" ላልሽኝ መልሱን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ፈርቼ ነበር። መጽሐፉ የወጣው ከተሰናበትሽ በሁለተኛው ወር ነው። ጋዜጠኛው "ስሙን ከየት አመጣኸው?" ሲለኝ ያንቺ ነገር ፊቴ ድቅን አለ። የተባረረች ሠራተኛ ስም ነው ብል መጽሐፉን ከየትምህርት ቤቱ ይሰበስቡታል ብዬ አሰብኩ፤ ጎርፉ በአፌ መጣ። መጀመሪያ ፈርቼ ነው፤ በኋላ ግን ጣመኝ። በየሄድኩበት ልጆች "የጎርፉን ንገረን" ይሉኛል፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እጨምርበታለሁ። ጎርፉ ዛሬ ድልድይ ሁሉ ያፈርሳል። ስላንቺ ብናገር ሊጎዳኝ የሚችል ሁሉ ከሥልጣኑ ከወረደ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ዝም እንዳልኩ ቀረሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ በዚህ አፍራለሁ።

ካርዶቹን ሰጥተሽኛል። ልጅቷን የሳልኳት በእነሱ ጀርባ ላይ ነው። ግን ቤት ስንቀይር የጠፉ ይመስለኛል። ይቅር በይኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ፣

በሚስትህ በኩል "አሁንስ ታምኚኛለሽ?" ብለህ ላስጠየቅከኝ፣ ስለ ፍርሃትህ አምኜሃለሁ። ያኔ ሁላችንም ፈርተን ነበር። ጣመኝ ያልከውንም አምኜሃለሁ፤ እንዲያውም ከጻፍክልኝ ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው።

ስለ ጠፉት ካርዶች ግን አላመንኩህም። ሚስትህ ጽፋልኛለች። አትቆጣት፤ አንድ መስመር ብቻ ናት፦ "የብስኩቱ ቆርቆሮ አልጋችን ሥር ነው፤ በጠረግሁ ቁጥር እገፋዋለሁ።"

ካርዶቹን በታሪክህ ተራ እንዳስቀመጥካቸው እገምታለሁ። እንዴት እንደሚነበቡ ልንገርህ። በየካርዱ ቀኝ ጫፍ፣ መጨረሻዎቹ ሦስት ዓምዶች ላይ አንዳንድ ቀዳዳ አለ። ካርዱ ላይ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ታትሟል፤ ቀዳዳው በየትኛው ቁጥር ላይ እንዳረፈ እይ። ሦስቱን ስታነባቸው የካርዱ ተራ ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ደርድራቸውና ጎናቸውን ተመልከት።

እንድታደርገው አላዝህም። ስታለቅስ አባብዬ ያሳደግኩህ ልጅ አሁን ስድሳ ዓመት ሞልቶሃል። እኔ ሰኞ ኅዳር 21 ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ፤ ባዶ እጄንም ቢሆን እቀርባለሁ። ጭራሮ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይስቁ ይሆናል። ተስቆብኝ ነው ሥራውን የጀመርኩት።

እህትህ


ኅዳር 15

ለእትዬ፣

በሚስቴ ስልክ "ከፈትከው ወይ?" ላልሽው፣ ከፈትኩት። ክዳኑ ዝጎ ስለነበር በማንኪያ ነው የፈለቀቅሁት።

ያኔ እያንዳንዱን ሥዕል ጥግ ላይ ቀን እጽፍበት ነበር፤ "ሹመኛ ይመስል" እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር። ቀኖቹ ከመጽሐፉ በሦስት ዓመት ይቀድማሉ። በሥዕሎቹ ሥር ልጅቷ ስም የላትም፤ "ልጅቷ" ብቻ ነው የምላት።

ለመደርደር ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ስድስትና ስምንትን እያምታታሁ። ቁጥሩ እየተስተካከለ ሲሄድ ታሪኬ እየተበታተነ መጣ። ልጅቷ መጀመሪያ ከዛፍ ትወርዳለች፣ ቀጥሎ ከአልጋዋ ትነሣለች፣ ከዚያ ደግሞ ዛፉ ገና ችግኝ ነው። ሚስቴ ቆማ ስታየኝ ነበር። ጨርሼ በሁለት እጄ ጨብጬ ጎኑን ወደ መስኮቱ ሳዞረው "ይኸው" አለች። ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው። ሁለት ካርድ ስለጎደለ "ራ" ላይ ቀጭን ክፍተት አለ፤ ከዚያ በቀር ሙሉ ነው። ስሙን ጎርፍ አላመጣልኝም፤ ካርዶቹን የሰጠሽኝ ቀን እዚያ ጎን ላይ ነው ያነበብኩት፤ በኋላ ለልጅቷ ስም ስፈልግ እሱ መጣልኝ።

ካርዶቹን ለፖስታ አላምናቸውም፤ ሚስቴ በእጇ ይዛልሽ ትመጣለች። ለኮሚቴውና ለጋዜጣው የሰጠሁት ቃልም አብሮ አለ። አጭር ነው፦ "ጭራሮ የእህቴ ስም ነው። እኔ ሳልጠይቃት ወሰድኩት፣ ከዚያም የእሷ አይደለም ብዬ ዋሸሁ።" የጋዜጣው አርታኢ ሊያለሳልሰው ፈልጎ ነበር፤ አንዲት ቃል እንዳይነካ ነግሬዋለሁ።

የአሳታሚውን ነገር አትጠይቂኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 23

ለወንድሜ፣

"እንዴት ሆነ?" ብለህ ሚስትህን በየሰዓቱ ስታስጨንቃት ከረምክ፤ እንዳትነግርህ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ራሴ ልጽፈው ፈልጌ ነው።

የኮሚቴው አባላት አምስት ናቸው። ኃላፊውም ተጠርቶ መጥቷል፤ አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል፤ ሳየው ትንሽ አሳዘነኝ። እስኪናገር ድረስ። "ይህች ልጅ ጎበዝ ነበረች፤ እኔ እየነገርኳት ካርድ ትበሳ ነበር" አለ። ልጅ ነው ያለኝ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያንተን ቃል አነበቡት፤ አንዱ ወንድም ለእህቱ መመስከሩ ምን ይገርማል አለ። ሌላው የካርዶቹ ጎን ላይ ማንም በኋላ ሊጽፍበት ይችላል አለ።

ያኔ ካርዶቹ የታሰሩበትን ላስቲክ ፈትቼ ሁለት መቶ አሥሩንም ካርድ ጠረጴዛው ላይ በተንኩት፤ በእጄም አማሰልኩት። ሚስትህ እዬዬ አለች። ኃላፊውን "ጌታዬ፣ ፕሮግራሙ የእርስዎ ከሆነ ይደርድሩት" አልኩት። መነጽሩን አወጣ፣ አንድ ካርድ አነሣ፣ ገለበጠው፣ ያንተን ልጅ ዛፍ ላይ አያትና መልሶ አስቀመጠው። ድሮ የተረሳ ነገር ነው አለ።

እኔ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። የተራ ቁጥሩን አላየሁም፤ እያንዳንዱን ካርድ ሳነሣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጫፉን በወረቀት ይሸፍነው ነበር። እያንዳንዱን መስመር ከቀዳዳው እያነበብኩ ምን እንደሚሠራና ቀጥሎ የትኛው መምጣት እንዳለበት ጮክ ብዬ እየነገርኳቸው ደረደርኩ። ሻይ መጥቶ ቀዘቀዘ፤ የጠጣ የለም። ጣቶቼ ሳይጠይቁኝ ነበር የሚሄዱት። ስጨርስ ጎኑን አዞርኩላቸው። ከዚያ ሰብሳቢው ወረቀቱን አንስቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከረ፤ ሁለት መቶ አሥሩም ልክ ናቸው።

ሰብሳቢው ለማስታረቅ ብሎ "በኃላፊው መሪነት፣ በጭራሮ ተጻፈ" ቢባልስ አለ። "መሪነቱን ለብቻው ሌላ ግድግዳ ላይ ስቀሉለት" አልኩ። የመዝገብ ስሜን በቅንፍ እንጨምር አሉ፤ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ላይ እንዳለው ይቀረጻል ብለው ወሰኑ፦ ጸሐፊ፣ ጭራሮ። ኃላፊው ሲወጣ በሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ አመሰግናለሁ ብሎኛል።

አንጀቴን አራስከው ወንድሜ። ሰላምታህ ይኸው፦ እንደምን ሰነበትክ? ባልዲዎቹስ? አትጠይቂኝ ያልከኝን ደግሞ እጠይቅሃለሁ። አሳታሚው ምን አለ?

እህትህ


ታኅሣሥ 13

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሳታሚው አዲሱን እትም አቁሟል። መቅድምህን ጥሎታል፤ እሱ እንኳን ደግ አደረገ። ልጅቷን ሌላ ስም አውጥተህላት ሥዕሎቹ ሥር ሁሉ እንድትቀይር፣ ያ ካልሆነ የስሙ ባለቤት በጽሑፍ እንድትፈቅድ ይፈልጋል። አንተም ለእኔ ስትል ስሙን ለመቀየር ተዘጋጅተሃል፤ አራት ስሞች ዘርዝረህ ልከህልኛል። ከሁሉም በታች ግን፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ "እትዬ፣ ስምሽን ለልጅቷ ትሰጫት ይሆን?" ብለህ በትናንሹ ጽፈሃል።

ይህቺ ጥያቄ ሠላሳ ስድስት ዓመት ዘግይታ ደረሰች። ያኔ ብትጠይቀኝ ጥያቄህን ሳትጨርስ እሺ እልህ ነበር፤ ያስቀየመኝም ይኸው ነው። ቂሜ አብዛኛው ወጥቶልኛል። ትንሽ ቀርታለች፤ እሷን ለክፉ ቀን አስቀምጫታለሁ።

ሰሌዳው ትናንት ተሰቀለ። ንግግር ነበር፤ ረጅም ነበር። ከዚያ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊጎበኙ ገቡና አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ሰሌዳውን አንብባ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ ትነግረኝ ጀመር። ጭራሮን ታውቃታለች። ዛፉ እንዳይቆረጥ ቅርንጫፉ ላይ ወጥታ አልወርድም እንዳለች፣ መሰላል አምጥተው ሲያባብሏት እንዴት መሰላሉን ራሱን ወደ ላይ እንደሳበችው፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ። እኔ መጽሐፍህን ሳነብ ስሙ ላይ ዓይኔ እየቀረ ልጅቷን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር። ትናንት ከዚያች ልጅ አፍ ሰማኋት። ወደድኳት። እምቢ ስትል ደስ ትላለች።

አሁን ያቺን ልጅ ከዛፉ አውርደን ሌላ ስም ልንሰጣት ነው? ስም ሲነጠቁ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ፤ ፋይል ውስጥ ስትፈልገው የለም፣ ሰው ሲጠራው ሌላ ሰው አቤት ይላል። በእኔ የደረሰውን በእሷ ላይ አላደርስም። አራቱን ስሞችህን ለሌሎች ልጆች አስቀምጣቸው።

ፈቃዱን ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የፈረምኩት ጭራሮ ብዬ ነው። የአሳታሚው ጠበቃ በዚህ ስም የተፈረመ አይጸናም ካለህ አድራሻዬን ስጠው፤ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ።

ጭራሮ